የስድስት ኪሎው ስጦታ

 በዚህ እትም ስለ ስጦታ ላወጋችሁ ነው። ስጦታ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በሠርግ ሰሞን የሚደረደረው የብርጭቆና የብርድ ልብስ ክምር ይሆናል። እኔ ግን የማነሣው አንድ አገር ለሌላ አገር የሰጠውን፣ በሰው እጅ ተሠርቶ በአደባባይ የቆመውን ስጦታ ነው። ወደ ቤታችን ጉዳይ መመለሴ አይቀርምና ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሩ የተጀመረው በባለትዳሮች ኅብረት ላይ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንገኝ የጥቂት አጥቢያዎች ባለትዳሮች በዓመት አንድ ጊዜ ተሰባስበን እንጸልያለን፣ እንማማራለን፣ ምሳም አብረን እንበላለን። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም እርስ በርስ ለመገናኘት አሁንም ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባን ማቋረጥ ግድ ይላል። የሱሉልታዎቹ እንጦጦን ወርደው፣ የሰበታዎቹ በዓለም ገና በኩል ገብተው፣ ታክሲ ቀይረው ቡራዩ እስኪደርሱ ድረስ ጠዋቱ ያልቃል። ቢሆንም ይመጣሉ። ልጅ አዝለው የሚመጡም አሉ።

ተራው የእኛ የቡራዩዎቹ በነበረ ጊዜ እንደ ልማዳችን ስም የማይጻፍበት የጥያቄ ወረቀት አደልን። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። አንዲት እኅት እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ «ባለቤቴ ስጦታ አይሰጠኝም አልልም። የሚሰጠኝ ሁሉ ግን ለራሱ የሚሆነውን ነው። ባለፈው የጋብቻችን ቀን ቴሌቪዥን ገዛልኝ። ኳስ የሚያይበት እሱ ነው።» አዳራሹ በሣቅ ሞላ። ወንዶቹም ሣቁ፤ እንዲያውም ከሁሉ አብልጠው የሣቁት እነሱ ናቸው። እኔም ሣቅኩ፤ ሣቄ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እኔም በዘመኔ እንዲህ ያለ «ቴሌቪዥን» ሰጥቼ ስለማውቅ ነው። የእኔው ሱፍ ልብስ ነበር።

በተጋባን በሰባተኛው ዓመት የባለቤቴ አባት ዐረፉ። ባለቤቴ መጋቢ ነው። ሰው ሲያጽናና የሚውል ሰው የራሱን ኀዘን የት እንደሚያኖረው አያውቅም፤ የቀብሩ ዕለት እንኳ መጽናናትን ሲናገር የዋለው እርሱ ነበር። አባባ የተቀበሩት በተወለዱበት ገጠር ሲሆን፣ መቃብራቸው ላይ ከአፈር ክምር በቀር ምልክት አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ማታ እራት ስናነሣ፣ «ለአባባ ስማቸው የተጻፈበት አንድ ድንጋይ ባቆምላቸው ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ።

እኔ ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተመረቅሁ ብዙም አልቆየሁም፤ መልስ የማላጣበት ዘመን ነበር። ሙታንን ድንጋይ እንደማይጠቅማቸው፣ አባባ በጌታ ዘንድ እንደሆኑ፣ በዚያ ገንዘብ አንድ ወንጌላዊ መደገፍ እንደሚቻል አስረዳሁት። ሦስት ጥቅስም ጠቀስኩለት። ዝም አለ። ከዚያ ለትንሣኤ በዓል የዕቁብ ዕጣዬ ሲደርሰኝ ደህና ሱፍ አሰፋሁለት። መድረክ ላይ ሲቆም ያምርበታል፤ ምእመናኑም «ሚስቱ ጎበዝ ናት» ይላሉ፤ እውነቱን ለመናገር በሐሳቤ የነበረው ይህ ነው። ለበሰው፤ አመሰገነኝም። የድንጋዩን ነገር ዳግመኛ አላነሣም። እኔ ደግሞ ዝምታውን እንደ መንፈሳዊ ብስለት ቈጠርኩለት።

ያዕቆብ ራሔልን በመንገድ ሲቀብራት በመቃብሯ ላይ ሐውልት ማቆሙን (ዘፍ. 35፡20) በትምህርት ቤት አንብቤ ፈተና ተፈትኜበታለሁ። ያን ማታ ግን አልታወሰኝም። ለምን እንደማይታወሰን ጌታ ያውቃል።

ከጉባኤው ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ጎረቤቴን ለምርመራ ይዣት ወደ የካቲት 12 ሆስፒታል ሄድኩ። ውጤቱ እስኪደርስ ድረስ ልንፈስ ብዬ ወጣሁና ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ካለው ሐውልት ፊት ለፊት ቆምኩ። በተማሪነቴ ዘመን ይህን አደባባይ በታክሲ ስንት ጊዜ ዞሬዋለሁ! አንድም ቀን ግን ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ለእኔ ስድስት ኪሎ ማለት «ወራጅ አለ» የምልበት ቦታ ነበር። ሐውልቱ ወደ ላይ የሾለ፣ 28 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ነው። ዓይኔን የያዘው ግን ቁመቱ ሳይሆን ከነሐስ የተሠሩት ቅርጾች ናቸው። ሰው ሲገደል፣ ሰው ሲወድቅ፣ ሰው ሲያለቅስ ይታያል። የእኛ ሰዎች ናቸው። መልካቸው፣ ልብሳቸው የእኛ ነው።

ሰበታ ካሉት የኅብረታችን አባቶች መካከል በጡረታ ላይ ያሉ የታሪክ መምህር አሉ። ማታ ደወልኩላቸው። «ልጄ፣ ሥራው የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው። «የዩጎዝላቪያ ስጦታ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያጫወቱኝንና ራሴም አንብቤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ የንጉሣቸው የልጅ ልጅ መወለዱን ምክንያት አድርጎ ድሆችን ሰብስቦ ገንዘብ ያድል ነበር። ልብ በሉ፤ ይህም ስጦታ ነበር፤ ለዚያውም በአደባባይ የተሰጠ። የሰውን አገር የያዘ ሰው በያዘው ቤተ መንግሥት በር ላይ ለባለቤቶቹ ሳንቲም ይበትናል። ተቀባዩ አንገቱን ሲደፋ የሰጪው ራስ ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ ስጦታ በየቤቱም አለ፤ ወጪ በተሰጠ ቁጥር «ማን እንደሚያበላሽ እወቂ» የሚል ቃል የሚከተለው ማለቴ ነው። በእርሱ ላይ አልቆይም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በዚያ ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ። ሁለቱን ወጣቶች በመኪናው ያሸሻቸው ስምዖን አደፍርስ በኋላ ተይዞ በሥቃይ ብዛት ሞተ። ከተማዋ ላይ ደግሞ ለሦስት ቀን ሞት ተለቀቀ። ሰው በጥይት፣ በዱላ፣ በአካፋ ተገደለ፤ ጎጆዎች ሰው እንደያዙ ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከነጻነት በኋላ በእነዚያ ቀኖች 30 ሺህ ሰው እንዳለቀ አስታውቋል። በዚህ ጉዳይ ብዙ የደከመው ተመራማሪ ኢያን ካምቤል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ባወጣው መጽሐፍ ወደ 19 ሺህ ይገምተዋል። ቁጥሩ የትኛውም ይሁን እያንዳንዱ የአንድ ቤት አባት ወይም እናት ወይም ልጅ ነው። ከሞት የተረፉ ብዙዎች ወደ ሶማሊያ፣ ዳናኔ ወደሚባል እስር ቤት ተጋዙ፤ ወደ ኢጣሊያ የተወሰዱም ነበሩ። በሦስተኛው ወር በግንቦት ደግሞ ግድያው ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ተሻገረና መነኮሳቱና ዲያቆናቱ ተረሸኑ። የሱሉልታ እኅቶቼ በየቀኑ የሚሻገሩት የጎጃም መንገድ ወደዚያው የሚወስደው ነው።

እንግዲህ ዩጎዝላቪያ የት ነበረች? እርሷም ተራዋ ደረሰ። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ ጀርመንና ኢጣሊያ ወረሯት። ያው እኛን የወጋን የኢጣሊያ ጦር የባሕር ዳርቻዋንና ደሴቶቿን ያዘ፤ ራብ በምትባል ደሴት ላይ ሕፃናትና እናቶች ሳይቀሩ በርሃብና በብርድ ያለቁበት የእስረኞች ሠፈር አቋቋመ። እኛ ዳናኔ እንደምንለው እነርሱ ራብ ይላሉ። በዚያ ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የዩጎዝላቪያ ሰው አልቋል።

ሐውልቱን የሠሩት ሁለት ቀራጺዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ይባላሉ። ሁለቱም በዛግሬብ የሥነ ጥበብ አካዳሚ መምህራን ነበሩ። ክርሺኒች የተወለደው ኮርቹላ በምትባል ደሴት፣ በድንጋይ ጠራቢዎቿ በታወቀች ሉምባርዳ በተባለች መንደር ነው፤ ይህችንም ደሴት የኢጣሊያ ጦር ይዟት ነበር። አውጉስቲንቺች በጦርነቱ ጊዜ ከአርበኞቹ ጋር በጫካ የነበረ ሰው ነው። ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ የቆመው፣ ፈረስ ላይ ተቀምጣ የወይራ ዝንጣፊ የያዘችው ሴት ሐውልትም የእርሱ ሥራ ነው፤ እርሱም የዩጎዝላቪያ ስጦታ ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ዩጎዝላቪያን ጎበኙ። ማርሻል ቲቶም በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጡ። የስድስት ኪሎው ሐውልት የቆመው በዚያው ወዳጅነት ሰሞን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ነው።

አንድ ነገር መምህሩን ደጋግሜ ጠየቅኋቸው። የነሐስ ቅርጽ እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ በሸክላ ጭቃ በጣት ይቀረጻል፤ ከዚያ ቅርጹ በጄሶ ይወሰዳል፤ በመጨረሻ የቀለጠ ነሐስ ይፈስበታል አሉኝ። እንግዲያው እነዚያ ሁለት ሰዎች የእያንዳንዱን ሟች ፊት በጣታቸው ዳብሰውታል ማለት ነው። አይተዋቸው የማያውቋቸውን የእኛን ሙታን፣ ቋንቋቸውን የማይሰሙትን የእኛን እናቶች ዕንባ በጭቃ ላይ በአውራ ጣታቸው ሠርተውታል። ይህን ለመሥራት በሌላው ሰው ኀዘን ፊት ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ያስፈልጋል። እኔ በባለቤቴ ኀዘን ፊት የተቀመጥኩት አንድ እራት እስኪነሣ ድረስ ነበር።

ዩጎዝላቪያ የራሷን መሪ ወይም የራሷን አርበኛ ምስል ልትልክልን ትችል ነበር። ማን ይከለክላታል? ስጦታው የእርሷ ነው። እርሷ ግን የእኛን ቁስል ጠይቃ እርሱን ሠራችልን። ከዚያ ሐውልት ብዙ ሳትርቁ ሌላ ስጦታ ታገኛላችሁ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን፣ እንደ አውሮፓውያኑ በ1984፣ ምሥራቅ ጀርመን የካርል ማርክስን ግዙፍ ራስ ከድንጋይ አስጠርባ ለአዲስ አበባ ሰጠች። ቀራጺው ዮ ያስትራም ይባላል። በሙያው አልነቅፈውም፤ ድንጋዩ በጥሩ እጅ የተጠረበ ነው። ነገር ግን ያ ዓመት በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ የሚያልቅበት ዓመት ነበር። የብዙ አብያተ ክርስቲያናት በር ታሽጎ ወላጆቻችን መጋረጃ ዘግተው በሹክሹክታ የሚዘምሩበት ዘመንም ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ መዝሙር ስትጀምር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ ልማድ ሆኖባት ቀረ። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ የመጣለት ስጦታ የሰጪው ነቢይ ራስ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የሌኒን ሐውልት ሲወርድ የማርክሱ ሳይነካ ቀረ፤ ሰዉ ያን ያህል ትኩረት እንዳልሰጠው እገምታለሁ።

ወንድሞች፣ በዚህ ብቻችሁን የምትከሰሱ እንዳይመስላችሁ። ጥበበኛው ሰሎሞን እንኳ በስጦታ ተሳስቷል። የጢሮስ ንጉሥ ኪራም የዝግባና የጥድ እንጨት ልኮለታል፤ ከጢሮስም አባቱ የጢሮስ ሰው፣ እናቱ የእስራኤል መበለት የሆነች ስሙ ኪራም የተባለ የናስ ሠራተኛ መጥቶ የመቅደሱን ዕቃ ሠርቶለታል (1ነገ. 7፡13-14)። የሁለት ሕዝብ ደም ያለበት የእጅ ባለሙያ! ሰሎሞን በምላሹ በገሊላ ሃያ ከተማ ሰጠ። ኪራም ሊያያቸው ወጣ፤ ደስ አላሰኙትም (1ነገ. 9፡11-13)። ሃያ ከተማ ሰጥቶ ወዳጅን ማስከፋት ይቻላል ማለት ነው። ሰሎሞን ምን ያህል እንደሚሰጥ እንጂ ኪራም ምን እንደሚፈልግ መጠየቁን መጽሐፉ አይነግረንም። ዮናታን ግን ለዳዊት የሰጠው ከራሱ ላይ ያወለቀውን ካባ፣ ሰይፉን፣ ቀስቱንና መታጠቂያውን ነው (1ሳሙ. 18፡4)። ዳዊት የእረኛ ልጅ ሆኖ በንጉሥ ቤት መቆሙን ዮናታን አይቷል፤ ምን እንደጎደለው አውቋል።

ይህ ታሪክ ግን ሳልነግራችሁ ባልፍ የሚቀለኝ ክፍል አለው። ሰጪዋ አገር ዛሬ የለችም። ዩጎዝላቪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ ተበታተነች። በአንድ ጎራ ሆነው ፋሺስትን የተዋጉ ሰዎች ልጆች እርስ በርስ ተጋደሉ። በ1995 ሐምሌ ወር ስሬብሬኒትሳ በተባለች ከተማ ከ8 ሺህ የሚበልጡ ወንዶችና ወንድ ልጆች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገደሉ። የእኛን ሙታን በነሐስ ያለቀሰችልን አገር የራሷን ልጆች በጅምላ መቃብር ቀበረች። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁ። የሌላውን ቁስል ማየት የራስን ቤት ከእሳት አያድንም ማለት ነው? ባለቤቴ የሌሎችን ትዳር ሲያስታርቅ አምሽቶ ወደ ቤት ሲመጣ ሁለታችን ሳንነጋገር የተኛንባቸው ሌሊቶች ታወሱኝ። የአገልጋዮች ቤት ይህን ያውቃል፤ አይነገርም እንጂ።

ከሩቅ ሆኜ በሌሎች እንደምፈርድ አትዩኝ፤ የምኖረው ቡራዩ ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. በከተማችን የሆነው በየቤታችን አለ። ብዙ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ የጋሞ ተወላጆች፣ ቤታቸውን ጥለው አዲስ አበባ ውስጥ በየትምህርት ቤቱ ተጠለሉ። በዚያው ሰሞን አርባ ምንጭ ላይ ቁጣው ወደ በቀል እንዳይዞር የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶች ፊት ተንበርክከው ሲለምኑ የታየበትን ምስል ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እኛ ቤት ያን ምስል ደጋግመን አይተን ማንም አልተናገረም።

በሠፈራችን አንዲት ኦሮሞ እናት በእነዚያ ቀናት ሸማኔ ጎረቤታቸውን ከነሚስቱና ከነልጆቹ ጓዳቸው ውስጥ ደበቁ። በር ሲንኳኳ «ብቻዬን ነኝ» እያሉ ሦስት ሌሊት አሳደሯቸው። ሸማኔው ነገሩ በርዶ ከተመለሰ በኋላ እንደገና ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ የሠራው ለእኒህ እናት ነጠላ ነው። ይህ ሰው በደማቅ ጥለቱ የታወቀ ነው፤ የሙሽሮቻችንን ልብስ የሚሠራው እሱ ነው። ለእርሳቸው የሠራው ግን ነጭ፣ ጥለቱ ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ የሆነ ነበር። እኔ ገርሞኝ «ምነው አላሳመርክላቸውም?» አልኩት። «እትዬ፣ ባለቤታቸው ሞተውባቸው የለም እንዴ? የት ይለብሱታል?» አለኝ። «ባለ ቀለሙን ኀዘናቸውን ሲያወጡ እሠራላቸዋለሁ።» እኒያ እናት ዓመቱን ሙሉ ያችን ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አይቻለሁ። የሚሄዱት ወደ ማርያም ነው፤ እርሱ የሚመጣው ወደ እኛ ጉባኤ ነው።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ከስድስት ኪሎ በመጣሁ በሳምንቱ ባለቤቴን ምሳ ላይ፣ «የአባባ ድንጋይ ነገር አሁንም በልብህ አለ?» አልኩት። ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። «አንቺ አትረሺም እንዴ?» አለኝ። አልረሳሁም ብዬ መዋሸት አልቻልኩም፤ ረስቼው እንደነበር ነገርኩት። ሦስቱን ጥቅሶች መጥቀሴንም አነሣሁለት፤ ይቅርታም ጠየቅኩት። «ጥቅሶቹ እኮ ትክክል ነበሩ» አለ። ይህ ከሁሉ ይልቅ አሳፈረኝ።

በዚህ ጊዜ ግን ገዝቼ ላስደንቀው አልሞከርኩም፤ አብረን ሄድን። በአምቦ መንገድ ዳር ከሚሠሩት ድንጋይ ጠራቢዎች አንዱ ጋ አምቦ ድንጋይ መረጥን። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አባቱ ብዙ ሲያወራ የሰማሁት እዚያ፣ በመሮና በመዶሻ ድምፅ መካከል ነው። አባባ በሬያቸውን በስሙ እየጠሩ ይመክሩት እንደነበር፣ ልጃቸው ጌታን ሲቀበል ሁለት ዓመት አኩርፈው በሦስተኛው ዓመት አንድ ማሰሮ ማር ይዘው በእግራቸው እንደመጡ ነገረኝ። ከዚህ ሰው ጋር ይህን ያህል ዓመት ስኖር የማሩን ታሪክ አላውቅም ነበር። ጠራቢው ወጣት ነው፤ ሥራው ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በስማቸው ውስጥ ያለችውን «ኃ» በ«ሐ» ጻፋት። ድንጋይ ላይ የተጻፈ አይጠፋም። እኔ በተማሪ ቤት ልማዴ ልከራከር ስነሣ ባለቤቴ እጄን ያዘኝ።

ለድንጋዩ ማጓጓዣ ያወጣነው ከድንጋዩ ዋጋ በለጠ፤ ይህን የምጽፈው ለምታስቡበት እንዲጠቅማችሁ ነው። የጥያቄ ወረቀቷን ለጻፈችው እኅትም መልስ አለብኝ። በጉባኤው ላይ «ጸልዪለት» ብዬ አልፌሽ ነበር። አሁን የምልሽ፣ ምን እንደሚያሳዝንሽ አንድ ቀን ኳሱ በሌለበት ማታ ንገሪው። አያውቅ ይሆናል። ባለቤቴ ነግሮኝ እንኳ አላወቅኩም።

አባባ መቃብር ላይ ድንጋዩን ከዘመዶቹ ጋር አቆሙት። ባለቤቴ ተንበርክኮ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሳቸው። የተሳሳተችው ፊደል ላይ ሲደርስ ቆመና፣ «አባባ እኮ ማንበብ አያውቁም ነበር» ብሎ ሣቀ። ሣቁ መሐል ላይ ተሰበረና አለቀሰ። በአባቱ ሞት ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አጠገቡ ተንበረከክሁ፤ ምንም አልተናገርኩም። የለበሰው ያንኑ የድሮውን ሱፍ ነበር። ጉልበቱ ቀይ አፈር ይዞ ተመለሰ።